ሁሉን በሚያይ መንግሥት ስር ተደብቀው የሚታገሉ ሴቶችን ታሪክ ደሴ ላይ እንዴት እንጽፋለን (ደረጃ በደረጃ)

በየሳምንቱ ኢንቦክሴ ላይ አንድ አይነት ጥያቄ ነው ሚመጣው። «ያ መንግሥት በካሜራ ሁሉን የሚያይበት፣ ሴቶቹ ተደብቀው የሚታገሉበት አይነት ልቦለድ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ግን ሁለት ገጽ ስጽፍ የፈረንጅ ፊልም ይሆንብኛል፣ ደሴ ነው ብዬ ጽፌ ራሱ ደሴ አይመስልም።» ለእያንዳንዱ ሰው ስመልስ ጣቴ አለቀ፣ ስለዚ አንዴ በስርአቱ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ነው ምልከው። ጠያቂዎቼ ሴቶች ስለሚበዙ በአንቺ ነው ምጽፈው፣ ወንዶች አትቀየሙ፣ ለናንተም ይሰራል።

ከመጀመራችን በፊት አንዲት ነገር ያዢልኝ። የዚህ አይነት ታሪክ ጉልበቱ ያለው ተቆጣጣሪው «የሴት ስራ ነው» ብሎ ንቆ በማያየው ቦታ ላይ ነው። ማጀት፣ ረከቦት፣ ሹሩባ፣ ጉሊት። ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ እዛ ቦታ ላይ እንድትቆሚ ነው ሚያደርግሽ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ስልክ ላይ አትጀምሪ፣ የኔ ስልክ ውሃ ውስጥ ገብቶ 14 ገጽ ይዞብኝ ሄዷል፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። ለምን ሁለት እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ይገባሻል።
- በእጅሽ የሳልሽው የሰፈር ካርታ። ማማሩ አያስፈልግም።
- ስድስት ሲኒ፣ ረከቦትና ጀበና። የእውነት ማለቴ ነው፣ በሃሳብ አይደለም።
- ሁለት አንባቢ ሴቶች፣ አንዷ ከ50 አመት በላይ የሆነች።
- ሁለት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰአት።

ደረጃ 1፦ አንድ ክልከላ ብቻ ምረጪ

አብዛኛው ሰው ሃያ ህግ ደርድሮ ነው ሚጀምረው፣ መጽሐፍ ክልክል፣ ሙዚቃ ክልክል፣ ፍቅር ክልክል፣ ቀይ ልብስ ክልክል ምናምን። አንባቢ ሃያውን መያዝ አይችልም። አንድ ህግ ከሰጠሽው ግን ያቺ አንዷ ህግ እያንዳንዱ ቤት እንዴት እንደምትገባ እየተከታተለ ያነባል፣ ፍርሃቱም ከዛ ነው ሚመጣው።

ህጓ ትንሽ ትሁን፣ ሲሰሟት ልታስቅ ትችላለች። እኔ ለማስተማሪያ ምጠቀማት ይቺን ነው፦

«ማስታወቂያ። ቡናን ከአንድ ዙር በላይ ማፍላት የስራ ሰዓት ብክነት የሚያስከትል መሆኑ ስለተረጋገጠ ከዛሬ ጀምሮ ቶናና በረካ የተከለከሉ መሆናቸውን እናሳውቃለን።»

ለምን ቶና? አቦል ላይ ሰው ሰላምታ ነው ሚለዋወጠው፣ የሆድ ወሬ የሚወጣው ከቶና በኋላ ነው። አቦልን ትቶ ቶናን የከለከለ መንግሥት ምን እንደሚፈራ በደንብ ያውቃል ማለት ነው። ደሞ «ስለተረጋገጠ» የምትለዋን ቃል እያት። ማን አረጋገጠ? ማንም። ህጉ የሚያስብልሽ መስሎ ነው መናገር ያለበት፣ የሚጮህና የሚያስፈራራ ማስታወቂያ ከጻፍሽ አንባቢው ወዲያው ጠላቱን ያውቅና ዘና ይላል።

የመረጥሽውን ክልከላ በሶስት ቦታ ፈትሺው፦ ጠዋት ቤት ውስጥ ምን ይቀይራል? ሰኞ ገበያ ላይ ምን ይቀይራል? ለቅሶ ቤት ምን ይቀይራል? ለቅሶው ላይ መልስ ካጣሽ ህጉን ጣዪው፣ ወሎ ውስጥ ለቅሶ የማይነካ ህግ ማንንም አይነካም።

ደረጃ 2፦ አይኖቹን ቁጠሪ፣ ከዛ የት ላይ እንደሚታወሩ ጻፊ

ሶስት አይን ይበቃሻል፦ ካሜራ፣ ስልክ፣ ሰው። ካርታሽን አውጪና ካሜራዎቹን በነጥብ አስቀምጪ፣ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ መናኸሪያ። ቀጥለሽ እያንዳንዷ ነጥብ መቼ እንደማታይ ጻፊ። ካሜራ የሚታወረው አንድ ብልህ ልጅ ኮምፒውተር ሰብሮ ሲገባ መሆን የለበትም፣ ያንን ሺ ጊዜ አይተነዋል። በከተማው በራሱ ምክንያት ይታወር።

ደሴን ውሰጃት። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የጦሳ ተራራ ከጀርባዋ ነው፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። ካሜራው ያን ሰአት ነጭ አንሶላ ነው ሚያየው። ስለዚ የደሴ ሴቶች ጉም ጠብቀው ነው ሚወጡት፣ የማለዳ ጉም የሚያነቡ ሴቶች ይኑሩሽ፣ «ዛሬ እስከ ሶስት ሰአት አይነሳም» የምትል አንዲት ባልቴት ከማንኛውም ሃከር ትበልጣለች። ኮምቦልቻ ላይ ግን ይሄ አይሰራም። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰሽ ስትወርጂ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን 600 ሜትር አካባቢ ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በጉም እሸፈናለሁ ያለች ሴት እዛ በጠራራ ፀሐይ ትያዛለች። ኮምቦልቻ ሌላ መሸፈኛ አለው፣ የፋብሪካ ሺፍት። ያንኑ ጋውን የለበሱ ብዙ ሴቶች በአንድ በር እኩል ሲወጡ ካሜራው ሁሉንም ያያል፣ ማንንም አይለይም። አየሽ፣ አንዱን ካሜራ ሁለቱ ከተሞች በተለያየ መንገድ ነው ሚሸውዱት፣ ታሪክሽ ደሴ የሚመስለው የሰፈር ስም ስለደረደርሽ ሳይሆን እንደዚህ ሲሆን ነው።

መብራትስ? መብራት ሲጠፋ ካሜራው ምን ይሆናል ብሎ የማይጠይቅ አንባቢ እዚህ ሀገር የለም፣ ሳትመልሺ ብታልፊው ሙሉ ታሪኩን አያምንሽም። የኔ መልስ ጄኔሬተር ነው፦ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም የሚንደቀደቀው ቤት የት እንዳለ ይሰማል፣ ስለዚ ሴቶቹ ጆሮ ያለበትን ቤት የሚያውቁት መብራት በጠፋ ቀን ነው። ይሄን ከፈለግሽ ውሰጂው።

ሶስተኛው አይን ሰው ነው፣ ማለትም ጎረቤት። ለካሜራው አንድ ገጽ ከሰጠሽ ለጎረቤቷ ሁለት ስጪ። ክፉ አታድርጊያት። ልጇ ስራ ያገኘው በሷ ሪፖርት ሊሆን ይችላል፣ ወይ እሷም ላይ የምትጽፍ ሌላ ጎረቤት አለች። ስኳር ልትበደር ትመጣለች፣ ስኒውን በአይኗ ትቆጥራለች፣ ስትወጣ ደሞ የታመመውን ልጅሽን ግንባር ስማ ነው ምትወጣው። እንደዛች አይነት ሴት ከካሜራ ትከፋለች፣ ምክንያቱም በሩን አትዘጊባትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ተቆጣጣሪውን የሆነ ብሔር ወይ የሆነ ሃይማኖት አታድርጊው። አንደኛ ሰው ይጎዳል፣ ሁለተኛ ታሪኩ ወዲያው ይሞታል፣ አንባቢው ስለ ሲኒው ማሰቡን ትቶ ስለ ሰፈር ጸብ ነው ሚያስበው። የእውነት ሰው ስምም እንዳታስገቢ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ስም ቀይሬ መልኩን ትቼዋለሁ የምትሉም፣ ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ ይታወቃል።

ደረጃ 3፦ ከስሟ በፊት ስራዋን ስጫት

ስራ ሶስት ነገር ይሰጥሻል፦ የምትንቀሳቀስበት ምክንያት፣ ሰው የምታገኝበት ምክንያት፣ እቃ የምትደብቅበት ቦታ። ከሶስቱ አንዱ የጎደላት ገጸ ባህሪ ገጽ ስድስት ላይ ትቆምብሻለች፣ ከዛ ደራሲዋ ትደነግጥና ከሰማይ መሳሪያ ታወርድላታለች።

እንጀራ ጋግራ በየቤቱ የምታደርስ ሴት ሶስቱም አላት። ጉሊት የምትቸረችር ሴት ሰው ታገኛለች፣ እቃም አላት፣ ግን አትንቀሳቀስም፣ ስለዚ ሌላ ሰው ወደሷ መምጣት አለበት። ሹሩባ ሰሪ ደሞ ለብቻዋ ነው ምትታየው፦ ሁለት ሰአት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ጉልበቷ ላይ ነው፣ አፏ ለጆሮ ቅርብ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። እኔ ለምሳሌ ዘይነባ የምትባል ሹሩባ ሰሪና እትዬ ሙሉ የሚባሉ እንጀራ ጋጋሪ ነው ምጠቀመው፣ ግቢያቸው አንድ ነው፣ አንዷ ጁምአ አንዷ እሁድ ቤት የላቸውም፣ ይሄም ተቆጣጣሪውን ያምታታዋል ምክንያቱም ግቢው ባዶ የሚሆንበት ቀን የለም።

ከዛ ምን ብታጣ እንደምትሰበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ነጻነቷን» ብለሽ አትጻፊ፣ ነጻነት አይጨበጥም። የምጣዷን፣ የልጇን የትምህርት ቤት ቦታ፣ የቀኝ እጇን ጣት።

ደረጃ 4፦ የሚስጥር መንገዱን መጀመሪያ በእጅሽ ስሪው፣ ከዛ ጻፊው

እዚህ ጋ ቀስ በዪ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ስድስቱን ሲኒ ረከቦት ላይ ደርድሪ። እያንዳንዱ ሲኒ ወይ ቀና ይላል ወይ ይደፋል። በሂሳብ 64 የተለያየ መልእክት ይወጣዋል፣ ሁለትን ስድስት ጊዜ ደርድረሽ አባዢው። ደስ ይላል አይደል? አትጠቀሚበት። ልጅ እያለቀሰባት፣ ወጥ እያረረባት፣ በር እየተንኳኳባት 64 ነገር የምታስታውስ ሴት የለችም። አምስት ብቻ ምረጪ፦ ኑ፣ አትምጡ፣ ጎረቤት አለች፣ ልጁ ደርሷል፣ ሁሉን አጥፉ። ኮዱ በጣም ብልህ ከሆነ አንባቢ ሴቶቹን ሳይሆን አንቺን ነው ሚያየው።

ለምን ሲኒ? ንጹህ ምክንያት ስላለው። ታጥቦ የተደፋ ሲኒ በየቤቱ አለ፣ ፈታሹ ቢጠይቅ መልሱ «ታጥቦ ነው» ነው፣ ውሸትም አይደለም። ንጹህ ምክንያት የሌለው ምልክት፣ ለምሳሌ መስኮት ላይ የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ፣ ራሱ ፈታሹን ይጠራዋል።

አሁን ፈትሺው። እህትሽን ከውጪ ጥሪያት፣ ሶስት ሴኮንድ ትይ፣ መልእክቱን ትንገርሽ። እኔ ስሞክረው እህቴ ሁለተኛውን ሲኒ ከአምስተኛው መለየት አቃታት፣ የኛ ረከቦት ከየት እንደሚጀመር ምልክት የለውማ። ስለዚ «አንደኛው ሲኒ ጀበናው አጠገብ ያለው ነው» የሚል ህግ ጨመርን፣ በዛው ደሞ ሳልፈልገው ታሪኩ ውስጥ የሚገባ ነገር አገኘሁ፦ ጀበናውን ሰው ካዞረው መልእክቱ ይገለበጣል። ቁጭ ብዬ ባስበው አልመጣልኝም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አፍ ነው። ሰምና ወርቅ እናውቃለን ብለን ሁላችንም እንኮራለን ግን እዚህ ታሪክ ውስጥ ግጥም ማስገባት አያስፈልግም፣ የማጀት ወሬ ይበቃል። ስልኩ ጠልፎ የሰማውን ወደ ጽሁፍ የሚቀይር ማሽን አለ እንበል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። እትዬ ሙሉ በአጥር ላይ «ወጡ?» ብለው ቢጮሁ፣ ጠ ከላላች ሽሮው ነው፣ ጠ ከጠበቀች «አመለጡ ወይ?» ነው። ማሽኑ ሁለቱንም «ወጡ» ብሎ ነው ሚጽፈው። ዘይነባ «ገና ነው» ትላለች፣ ለሁለቱም ይሆናል። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰውዬ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ወጥ እያነበበ ነው። «ልጁ አለ» ራሱ እንደዛው ነው፣ አላልተሽ ካነበብሽው ተናገረ፣ አጥብቀሽ ካነበብሽው እዚህ ነው ያለው።

ሁለቱ እስክሪብቶ እዚህ ጋ ነው ሚሰሩት። ንግግሩን በሰማያዊ ጻፊ፣ ከስሩ ወርቁን በቀይ። ከዛ ቀዩን በእጅሽ ሸፍነሽ ሰማያዊውን ብቻ አንብቢ። ሰማያዊው ብቻውን ተራ የጎረቤት ወሬ ካልሆነ፣ ትንሽም ብትሆን «ሚስጥር» የሚሸት ነገር ካለው፣ ሰርዢው። የሰም ችግር ያለበት ወርቅ ሰው ያሲዛል።

ሃሳብ ካጠረሽ የእውነቱን አለም ጠይቂ፣ ግን ድርጊቱን አትገልብጪ፣ ክልከላው ሰዎቹን ምን እንዳስደረጋቸው ብቻ እይ። እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸው የጠፉባቸው የአርጀንቲና እናቶች አደባባይ ላይ ተሰብስቦ መቆም ስለማይቻል ፖሊስ «ተንቀሳቀሱ» ሲላቸው ተንቀሳቀሱ፣ ሁለት ሁለት ሆነው አደባባዩን እየዞሩ መሄድ ጀመሩ። ትእዛዙን አከበሩ፣ ሰልፉም ተሰራ። ሩሲያዊቷ ገጣሚ አና አኽማቶቫ ደሞ ቤቷ ጆሮ ስላለው ግጥሙን ብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፍና ለጓደኛዋ ትሰጣለች፣ ጓደኛዋ በልቧ ከያዘችው በኋላ ወረቀቱ ይቃጠላል። የኛዎቹን ደሞ ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን በነበረበት ጊዜ የውስጥ አርበኛ ከነበሩት ጀምሪ፣ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶች ጠላት ከያዘው ከተማ ውስጥ ሆነው ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ያቀብሉ ነበር። «የውስጥ አርበኛ» የሚለው ቃል ራሱ ዝግጁ ሆኖ እየጠበቀሽ «የተቃውሞ ህዋስ» ምናምን የሚል ቃል ከየት እንደምታመጪ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮዱን ለአንባቢ ቁጭ አድርገሽ አታስረጂው። መጀመሪያ የተደፋ ሲኒ ያሳይ፣ ቀጥሎ የተደፋ ሲኒና ከበር የተመለሰች ሴት፣ ሶስተኛ ላይ ሲኒውን ብቻ። ሶስተኛው ላይ አንባቢሽ ራሱ «አትግቢ!» ካለ ሰራ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ የፍተሻውን ቀን ጻፊ፣ ምንም አይገኝ

ፍተሻ ላይ ሁሉም ሰው የሆነ ነገር እንዲገኝ ያደርጋል፣ ከዛ ሩጫ፣ ከዛ ጥይት። እንዳይገኝ አድርጊ። የሚፈራው ሊገኝ የነበረው ነው። ፈታሹ ደሞ የማይታወቅ ወታደር አይሁን፣ እትዬ ሙሉ ያሳደጉት የሰፈር ልጅ ይሁን፣ አንቱ እያለ የሚፈትሽ። እንደዚህ አይነት ነገር፦

«እትዬ ሙሉ፣ ስንተኛው ነው?»

«አቦል ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን አለ። አንዷን ጠጥተን ነው ያነሳነው፣ ጀበናውን ዳስሰው፣ ቀዝቅዟል።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጀበናው ላይ አሳረፈ። አላነሳውም። ዘይነባ መዳፉ ሲቀላ አየች።

«ቀዝቅዟል» አለ።

እዚህ ጋ አቁሚ። አመሰግናለሁ አይባልም፣ አይተቃቀፉም። ምክንያቱም አሁን ሴቶቹ ከፍተሻው የባሰ ነገር ውስጥ ገብተዋል፣ ልጁ ያውቃል፣ ነገ ምን ይፈልግ ይሆን? ወዳጅ ነው ወይስ እያጠራቀመባቸው ነው? ይሄ ጥያቄ ቀጣዩን አምስት ገጽ ያለ ምንም ጥይት ይጎትትልሻል።

ደረጃ 6፦ ሂሳቡን ያዢ

ደብተርሽ መጨረሻ ገጽ ላይ መስመር አስምሪና በግራ በኩል ያገኙትን፣ በቀኝ በኩል የከፈሉትን ጻፊ። መልእክት ደረሰ፦ የዘይነባ ደንበኛ ቀረች። ልጅ አመለጠ፦ እትዬ ሙሉ ለቅሶ መሄድ አቆሙ፣ ሰው ታዘባቸው። የቀኙ መስመር ባዶ የሆነበት ቦታ ካለ እዛ ጋ አንባቢ ማመን ያቆማል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዋናዋን ሴት ብቻዋን ማድረግ። እዚህ ብቻዋን የሆነች ሴት ራሷ ትጠረጠራለች፣ እቁብ የላትም? እድር የላትም? ጎረቤት የላትም? መደበቅ የሚቻለው ሰው መሃል ነው።

ሁሉም ወንድ አውሬ፣ ሁሉም ሴት ደፋር። ይሄ ያሰለቻል፣ ከዚህ በላይ አልልም።

ለገጸ ባህሪ የዜና አማርኛ መስጠት። ዘይነባ «ይህን ሥርዓት መታገል አለብን» ካለች ጠፋሽ። «አብሽሪ፣ ያልፋል፣ ሲኒውን ግን እንዳትረሺ» ነው ምትለው።

ቡናው ላይ መሳሳት። ቀላል ይመስላል ግን እጣን ሳይጨስ፣ ቡና ሳይታመስ ቀጥታ ጀበና ውስጥ የሚገባበት ድርሰት አንብቤያለሁ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ካሜራ ማን ያምነዋል?

የሰውን ቁስል ሳያስፈቅዱ ማስገባት። የ2014ን ጦርነት ያየ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም በየቤቱ አለ። ጎረቤትሽ ያን ሰሞን የት እንደተደበቀች ነግራሽ ከሆነ የነገረችሽ ለአንቺ ነው፣ ለታሪክሽ ካሰብሽው ሄደሽ ጠይቂያት፣ እምቢ ካለች እምቢ ነው።

ሮቦት ላስገባ ወይ የምትሉኝ፣ አስገቡ፣ ግን ዳገቱን ይውጣ። በክረምት ጭቃ የኛን ሰፈር ዳገት የሚወጣ ሮቦት ከጻፋችሁ እኔም አነባለሁ።

ደረጃ 7፦ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ቁረጪ፣ ስጪ

ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ በተለይ ንግግሩን፣ ምክንያቱም ማጥበቅና ማላላቱ የሚሰማው በጆሮ ብቻ ነው። ምላስሽ የተደናቀፈበትን አስምሪ። የመጀመሪያውን አንድ ገጽ ተኩል ብዙ ጊዜ መቁረጥ ትችያለሽ፣ ሀገሩ እንዴት እንደዚህ እንደሆነ የሚያስረዳው ክፍል ነው፣ አንባቢ ያለሱም ገብቶታል።

ከዛ ለሁለቱ ሴቶች ስጪ። «ወደድሽው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም ሰው ወደድኩት ነው ሚለው። እነዚህን ጠይቂ፦ የተደፋው ሲኒ ምን ማለት ነው? ጎረቤቷን መቼ ጠረጠርሻት? የትኛው ጋ ሰለቸሽ? ወጣቷ ሲኒውን ካልገባት አንድ ተጨማሪ ጊዜ አሳዪ። ትልቋ ደሞ ምናልባት ወረቀቱን ታስቀምጥና «እኛ ግን እንደዚህ አልነበረም ምናደርገው» ትልሽ ይሆናል። ያኔ እንዳትከራከሪያት፣ አዲስ ሉክ ገልብጪ፣ ቡናውን ጣጂ፣ በረካ እስኪደርስ አትቸኩዪ።